ማሩ የማን ነበር

ግሮኒንገን፣ ኔዘርላንድስ
መስከረም 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ የሺሃረግ ወልደ ጊዮርጊስ
ቦንጋ

እንደምን ከርመዋል? ክረምቱስ እንዴት ወጣላችሁ? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን ደህና ነኝ። የአጎቴን የወልደ ጊዮርጊስን ነፍስ በአፀደ ገነት ያኑርልን፤ እርስዎን ደግሞ በጤና ያቆይልን።

ስልክ ትቼ መጻፌን አይቀየሙኝ። ባለፈው ስደውል እኔ ስለ ጉልበትዎ እጠይቃለሁ፣ እርስዎ ስለ በቆሎ ዋጋ ይመልሳሉ፤ በመጨረሻ ሁለታችንም ተሸንፈን ዘጋን። የጆሮ መስሚያዎን ባትሪ፣ ያንን ቡናማ ምልክት ያለበትን፣ ስድስት እሽግ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።

ሥራዬ እንዴት እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር። በዩኒቨርሲቲው የንግድ ሥነ ምግባር የሚባለው የፕሮፌሰርነት ወንበሬ አራተኛ ዓመቱን ያዘ። ገንዘቡን የሚሰጠው አንድ የምግብ ኩባንያ ነው፤ የሰጠውም ለአምስት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ መታደስ አለመታደሱ በምጽፈው መጽሐፍ ይወሰናል። መጽሐፉ ደግሞ የቆመው እርስዎ በሚያውቁት ነገር ላይ ነው፤ አባቴ ወልደሥላሴ በሺሺንዳ ገበያ ባደረገው። ከማንኪራ ንብ አርቢዎች ገዝቶ ለኸሊፋ ሱቅ ያስረከበው ማር የተበረዘ ሆኖ ሲገኝ፣ በገበያው መሐል ቆሞ «ማሩ የኔ ነው» አለ። ከዚያ ለገዢዎቹ ሁሉ በጥሩ ማር ተካላቸው። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ማሩን ሲሰፍር አይቼዋለሁ። የቀረውን እናቴ ናት የነገረችኝ።

አዲስ አበባ ፍልስፍና ልማር ስሄድ አባቴ «ይሄ ነገር ምን ይሸጣል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። እኔ ግን እሱን ራሱን ሸጬ ነው የኖርኩት፤ ይሳቁብኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በየአዳራሹ ያንን ቀን ተርኬያለሁ።

አሁን የኸሊፋ የድሮ ሱቅ ፎቶ ያስፈልገኛል። ኸሊፋስ በሕይወት አሉ?

አክባሪ ወንድምዎ
ሳምሶን ወልደሥላሴ


ቦንጋ
ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለሳምሶን

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልል። ባትሪው ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜ ላንተ፣ የጎረቤቶቼን ሐሜት ሳይቀር መስማት ጀምሬያለሁ፤ ብዙም አላመለጠኝም ነበር።

ፕሮፌሰር መሆንህን ለጎረቤቴ ለህይወት ነገርኳት። የምን ፕሮፌሰር ስትለኝ፣ ነጋዴ እንዳያጭበረብር የሚያስተምር አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ «እንግዲያ ይምጣና የሉካንዳውን ሚዛን ይይልን» አለች። መልእክቱን አድርሺ ብላኛለች፤ አድርሻለሁ።

ቤቱ ጭር ብሏል። ልጄ ሙሉብርሃን ጅማ ሥራ አግኝታ ሄደች፤ በወር አንዴ ትመጣለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቀኑ ረዝሞብኛል። ጠዋት የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል እስከ ዛሬ እነሳለሁ።

ስለ ሱቁ፣ ሺሺንዳ አሁን ሌላ ሆኗል። ያ ሱቅ ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል፤ ፎቶ የሚነሣ ነገር የለም። ኸሊፋ አሉ። እዚሁ ቦንጋ ልጃቸው ሀፍሳ ጋ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። በመጽሐፍህ የሰው ስም መጥራት የግድ ነው ወይ? «አንድ ነጋዴ» ቢባል ምን ይጎድለዋል? ዝም ብዬ ነው የጠየቅኩት።

ብርዱን ተጠንቀቅ።

እህትህ የሺሃረግ


ግሮኒንገን
ጥር 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ የሺሃረግ

ለጤናዎ እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎን ባቡር ውስጥ አንብቤ ብቻዬን ስስቅ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች። የሉካንዳው ሚዛን ነገር ይታሰብበታል በሏቸው።

ስሙን ስለመተው ለጠየቁኝ እውነቱን ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት አንድ ወጣት ምሁር በጉባኤ ላይ ተነሥቶ «ይህ የማር ታሪክ በጣም ያማረ ነው፤ ማስረጃው የት አለ?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለኝም። ስለዚህ ስም፣ ቦታና ዓመት አስገብቼ ነው የጻፍኩት። አሳታሚው ደግሞ በሕይወት ካሉት ሰዎች የፈቃድ ፊርማ ይፈልጋል። ፎርሙን በአማርኛ አድርጌ ልኬልዎታለሁ። ኸሊፋ ጣታቸውን ቢያሳርፉበትም ይበቃል።

እዚህም እንደ ቦንጋ ይዘንባል። ግን ቤቱ ቆርቆሮ ስላልሆነ ዝናቡ አይሰማም፤ መስኮት ካልከፈትኩ መዝነቡን አላውቅም። ከባለቤቴ ጋር ከተለያየን ስድስት ዓመት ሆነን። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት አንድ ቃል ሳልናገር የምከርምበት ጊዜ አለ። ሰኞ ክፍል ስገባ ድምፄ ይሻክርብኛል፤ ጉሮሮዬን ጠራርጌ ስለ ሺሺንዳ መናገር እጀምራለሁ። ያን ጊዜ አባቴ ከጎኔ የቆመ ይመስለኛል። ለቀብሩ እንኳን አልመጣሁም፤ ፈተና ላይ ነበርኩ። ያለኝ ይህ ታሪክ ብቻ ነው እትዬ። ያግዙኝ።

ወንድምዎ ሳምሶን


ቦንጋ
ሚያዝያ 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሳምሶን

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ፎርሙ ደርሶኛል። ረመዳን ስለነበር ጾመኛ ሽማግሌ በወረቀት አላስቸግርም ብዬ ተውኩት። ከዚያ የኛ ፋሲካ መጣ። አሁን ደግሞ ኸሊፋ ጉንፋን ይዟቸዋል ይባላል።

እባክህ ስሙን ቀይረው። ታላቅ እህት ብለህ ታከብረኝ የለም? እንግዲያ ምክንያቱን አትጠይቀኝ።

የሺሃረግ


ግሮኒንገን
ሐምሌ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ የሺሃረግ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ምክንያቱን አትጠይቀኝ ብለዋልና አልጠይቅም። ግን አሳታሚው የሰጠኝ ጊዜ በጥቅምት ያበቃል፤ ኩባንያውም ወንበሩን ስለማደስ የሚሰበሰበው በዚያው ሰሞን ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚህ ወንበር ከተነሣሁ ሌላ የሚያስቀምጠኝ የለም።

ስለዚህ አይቀየሙኝ፤ ፎርሙንና ምዕራፉን በአማርኛ ተርጉሜ ቦንጋ ለሚያስተምር ዮሴፍ ለሚባል ወጣት መምህር በኢሜይል ልኬለታለሁ። አትሞ ቤቷ ድረስ ወስዶ ለሀፍሳ ይሰጣታል። እርስዎን ከማስቸግር ይሻላል ብዬ ነው። ለኸሊፋ ክብር የሚሰጥ እንጂ የሚያሳፍር አንድም ቃል የለበትም።

ወንድምዎ ሳምሶን


ቦንጋ
ነሐሴ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሳምሶን

እግዚአብሔር ይይልህ ልል ነበር፤ ግን ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም። ደብዳቤህ ሳይደርሰኝ በፊት ሀፍሳ ደረሰችኝ።

ዝናቡ አላቋርጥ ባለበት ቀን፣ ወረቀቶቹን በፌስታል ጠቅልላ መጣች። ሻይ ላፍላልሽ ብላት አልፈልግም አለች። መነጽሯን አድርጋ ያንን ገጽ አወጣችና አነበበችልኝ፤ ያነበበችው ጮክ ብላ ነው፣ መስማት እንደሚያስቸግረኝ ታውቃለች። ከዚያ «እትዬ፣ ይሄ ሰውዬ ማሩ የአባቱ ነበር ይላል። ታዲያ የኔ አባት ለምን ታሰረ?» አለችኝ።

አንተ ኸሊፋ መታሰራቸውን አታውቅም። ያን ጊዜ እኛ ቤት ሆነህ ቦንጋ ትማር ነበር፤ ጅማ ሄደዋል ነው ያልንህ። እንግዲህ ስማ።

በ1978 ጫካው በደንብ ሳያብብ ቀረ፤ ቀፎው ሁሉ ባዶ ነበር። ጋሼ ወልደሥላሴ ለኸሊፋ ስምንት ቆርቆሮ ማር ለማቅረብ ቃል ገብተው የተገኘው አምስት ነው። የቀረውን በበሰለ ሙዝ በረዙት። አባትህ ናቸው የበረዙት፣ ሌላ ማንም አይደለም። በገዛ እጃቸው አሽተው። ኸሊፋ ሳያውቁ ሸጡት። በሦስተኛው ሳምንት ማሩ በየሰዉ ቤት ፈላ፣ ኮመጠጠ። ሰው ሱቁን ከበበ፤ ቀበሌ መጣ። ያን ጊዜ ዕቃ የበረዘ ነጋዴ አሻጥረኛ ተብሎ ምን ይደረግ እንደነበር ትልልቆችን ጠይቅ። አባትህ ከዚያ በፊት በቡና አንድ ጊዜ ተይዘው ተለቀዋል፤ ሁለተኛው ከሆነ አይመለሱም ነበር። ኸሊፋ ይህን ያውቃሉ። ማን ነው የበረዘው ሲባል «ማሩ የኔ ነው» አሉ።

ያንን ቃል የተናገሩት ኸሊፋ ናቸው። አባትህ አጠገባቸው ቆመው ነበር፤ ዝም አሉ።

ኸሊፋ ሰባት ወር ታሰሩ። ሲፈቱ አባትህ በአባቴ ፊት ወድቀው አለቀሱና ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ከኛም ከእስላሙም ወገን ሦስት ሦስት ሰው፣ እዚሁ እኛ ቤት። አንተ ትምህርት ቤት ነበርክ። ምግብ የማቀርበው እኔ ነበርኩ፤ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ነኝ። አባትህ ሁሉንም ተናዘዙ። ኸሊፋን ካሳ ምን ትፈልጋለህ አሏቸው። «የኔ ስም አንዴ ጠፍቷል። የሁለት ሰው ስም ማጥፋት ምን ይጠቅማል? ይቅር» አሉ። ሽማግሌዎቹም ነገሩ እዚህ ቤት ይቅር፣ ያወጣው ሰው ከሁለቱም ቤት ይለይ ብለው ቃል አሰሩ። እኔንም ከጓዳ ጠርተው አስማሉኝ።

አንተ ያየኸው ቀን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አባትህ ለገዢዎቹ በጥሩ ማር ተኩላቸው፤ እውነት ነው። ሰው ግን ጓደኛቸውን የሚረዱ መስሎት መረቃቸው። እሳቸውም ምርቃቱን ተቀበሉ። እናትህ የነገረችህን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ምናልባት እንዲያ ቢሆን ብላ ተመኝታ ይሆናል።

ቃል ነውና ዝም አልኩ። አንተ ስትማር ዝም፣ ጋዜጣ ላይ ፎቶህን ስትልክልኝ ዝም። ሀፍሳ ግን ተማሪዬ ነበረች። ቦንጋ ከገቡም በኋላ ስሙ ተከትሏቸው መጣ፤ ልጆቹ «ሙዝ» ይሏት ነበር። ስማቸውን ስጠራ ሀፍሳ ኸሊፋ ስል ከኋላ «ሙዝ» የሚል ይሰማል። እኔ ልጆቹን እቀጣለሁ፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እውነቱን የማውቀው ደግሞ እኔው ነኝ። ወንድሟ አብራር በዚሁ ተማሮ ነው ከዚህ አገር የወጣው። ይህን ሁሉ ከነገርኳት በኋላ ወረቀቶቹን መልሳ በፌስታሉ ጠቀለለችና ወጣች። ጃንጥላዋን ረስታ ሄዳለች፤ እስካሁን እኔ ጋ ነው።

አባቷን ስትጠይቃቸው ኸሊፋ መጀመሪያ «ማን ነገረሽ?» አሉ አሉ። ቀጥለው «ልጁ ደህና ነው?» አሏት። ልጁ የተባልከው አንተ ነህ።

የሺሃረግ


ግሮኒንገን
ጥቅምት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ የሺሃረግ

ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ቀደድኩ። ይህ አራተኛው ነው።

አፈርኩ። «ማሩ የኔ ነው» የሚለውን ቃል ሁልጊዜ በአባቴ ድምፅ ነበር የምሰማው። አሁን ለመስማት ስሞክር ድምፁ አይመጣልኝም። ፊቱም እየጠፋብኝ ነው።

አሳታሚውን ጊዜ ጨምሩልኝ አልኳቸው። ሌት ተቀን ሳስበው፣ ምዕራፉን ከመተው እውነተኛውን ታሪክ ብጽፈው ምን ይመስልዎታል? እውነተኛው ከሐሰተኛው ይልቅ ጥልቅ ነው። ያጠፋው ሰው ዝም አለ፣ ያላጠፋው ሰው ዋሸ፤ ከሁለቱም የሚከበረው የዋሸው ነው። በሙያዬ ይህን ያህል ከባድ ጥያቄ የሚያነሣ ምሳሌ አላውቅም። ለኸሊፋም ስማቸው በዓለም ሁሉ ይታደስላቸዋል። የሀፍሳን ፈቃድ ይጠይቁልኝ።

ወንድምዎ ሳምሶን


ቦንጋ
ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሳምሶን

ይኸው እኔም ሳልዘገይ መለስኩልህ።

ደብዳቤህን ለሀፍሳ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ከሰማች በኋላ የተናገረችውን እንዳለ ልጻፍልህ፦ «እኔ መጽሐፍ ውስጥ አልተሰደብኩም። ስሜ የወጣልኝ ሺሺንዳ ላይ ነው። መጥቶ እዚያው ይናገር።»

እኔ ደግሞ ልጨምርልህ። ከንፈርህ ላይ ንፍጥ ሲወርድ የጠረግኩልህ ነኝና አትቀየመኝ። ሰው ታሞብህ፣ ሰው ተቃጥሎብህ አንተ ምሳሌ ትፈልጋለህ። አባትህ ኸሊፋን አንድ ጊዜ ሸጧቸው። አንተ ሁለተኛ ልትሸጣቸው ነው?

ባትሪ አትላክልኝ። አለኝ።

የሺሃረግ


ግሮኒንገን
የካቲት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ የሺሃረግ

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ። ቁጣዎ ደረሰኝ፤ ይገባኛል።

መጽሐፉ እንዳይታተም አደረግኩ። ለአሳታሚው ጻፍኩ፤ ታሪኩ እንደ ተናገርኩት አልነበረም አልኩ፤ ሃያ ሦስት ዓመት የተሳሳተ ነገር እንዳስተማርኩም በመጽሔት ላይ አጭር ማስታወቂያ አወጣሁ። ማን ምን እንዳደረገ አልዘረዘርኩም። ያ ወጣት ምሁር ደውሎልኝ አዘንኩ አለ፤ ከልቡ ነበር። ኩባንያው ወንበሩን አላድስም ብሏል፤ በሐምሌ ያበቃል። ዩኒቨርሲቲው በሳምንት ሁለት ክፍል እንዳስተምር ፈቅዶልኛል። ቢሮዬን ለቅቄ መጻሕፍቴን ቤት አመጣኋቸው፤ ኮሪደሩ ላይ ተደርድረዋል፣ በጎን እየሆንኩ ነው የማልፈው።

በግንቦት መጨረሻ እመጣለሁ። ለሀፍሳ እንዳለችው ይሆናል ይበሉልኝ። ኸሊፋንም ቤታቸው ሄጄ እግራቸውን እስማለሁ።

ወንድምዎ ሳምሶን


ግሮኒንገን
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህቴ ለእትዬ የሺሃረግ

በሰላም ገብቻለሁ። ለሦስት ቀን እንደ ልጅነቴ ተንከባክበው ስላሳደሩኝ እግዚአብሔር ይክፈልልኝ። ያሰሩልኝ በርበሬ ፍተሻ ላይ ትንሽ አስጨንቆኝ ነበር፤ በመጨረሻ አሳለፉት።

ጉልበትዎ አላስኬድ ብሎዎት መኪና ውስጥ ስለቀሩ፣ ሺሺንዳ ላይ የሆነውን በደንብ አልነገርኩዎትም። አሁን ልንገርዎ።

ሀፍሳ የድሮው ሱቅ የነበረበትን ቦታ አሳየችኝ። የስልክ መሸጫ ሆኗል። ከፊቱ ቆሜ በአማርኛም በካፊኖኖም ተናገርኩ፤ ካፊኖኖዬ ተሰባብሯል። «እኔ የወልደሥላሴ ልጅ ነኝ። በ1978 እዚህ የተሸጠውን የተበረዘ ማር የበረዘው አባቴ ነው። ኸሊፋ አልበረዙም፤ አባቴን ለማዳን ነው የታሰሩት» አልኩ። ጥቂት ሰዎች ቆሙ። አንድ ባጃጅ ነጂ የሎተሪ ቅስቀሳ መስሎት ዕጣው መቼ ነው የሚወጣው አለኝ። አንዲት ዝንጅብል የምትሸጥ ልጅ ኸሊፋ ማን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ያንን ዘመን የሚያውቅ አንድ ሰው ፈልጌ ዓይኔን አዟዟርኩ። የለም። ሞተዋል ወይም ሄደዋል።

ሀፍሳ ግን እስከ መጨረሻው ከፊቴ ቆማ ሰማች። ስጨርስ ነጠላዋን አስተካክላ «በቃ፣ ሰምቻለሁ» አለችኝ። ለእሷ የሆነ ነገር ያረፈላት መሰለኝ፤ ተሳስቼ እንዳልሆነ ተስፋ አደርጋለሁ።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት አውሮፕላን እንዳያመልጠኝ ተጣድፌ ስለወጣሁ ብዙ ሰው ሳልሰናበት ቀረሁ። ለኸሊፋ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ወንድምዎ ሳምሶን


ቦንጋ
ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለሳምሶን

በሰላም መግባትህን ስሰማ ደስ አለኝ። ደህና ነኝ፤ ክረምቱ ግን በርትቷል። ስለ ሀፍሳ አልተሳሳትክም። ባለፈው ሳምንት ጃንጥላዋን ልትወስድ መጥታ እስከ ማታ ስትጫወት ዋለች። ልጆቼ የአያታቸውን ስም ቀና ብለው ይጥሩ እላቸዋለሁ አለች።

ያልነገርኩህ ነገር አለ። ከሄድክ በኋላ ልጽፍልህ ፈልጌ፣ ስትሄድ አንገትህን ደፍተህ ስላየሁህ አንጀቴ አልችል አለ። አሁን ግን ብቻዬን ተሸክሜው ከበደኝ።

በመጨረሻው ማታ እራት ላይ ነገ ቁርስ ከኸሊፋ ጋር ነው ብለኸኝ ነበር። እኔም ለሀፍሳ ነገርኳት፣ እሷም ለአባቷ። ኸሊፋ በማለዳ ተነሥተው ነጭ ጀለቢያቸውን አስተኮሱ። ጢማቸውን አስተካከሉ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው ወደ መንገዱ ዞረው ተቀመጡ። ሀፍሳ ገንፎ አገንፍታ ነበር። ከጅማ የሚነሣው አውሮፕላንህ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እንደነበር አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። ፊታቸውን ለማየት ፈርተህ ነው። ያለፍከው በበራቸው ነው፤ ሌላ መንገድ የለም። ሀፍሳ ከነሻንጣህ አይታሃለች።

ይቅርታ እንድትጠይቃቸው አልነበረም የጠበቁህ። እሱን አንስተውም አያውቁ። ለሀፍሳ ምን አሏት መሰለህ? «ወልደሥላሴ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ ያደርግ ነበር፤ ሳቁ በጣቶቹ መሐል ነበር የሚወጣው። ልጁም እንደዚያ ይስቅ እንደሆነ ልስማው።» ዓይናቸው እንደማያይ ታውቃለህ። አባትህ ከሞቱ ወዲህ ስለሳቸው የሚያወሩት ሰው የላቸውም። አብረው በበቅሎ ማንኪራ ሲወርዱ የነበረውን፣ ወንዝ ሞልቶባቸው ዛፍ ሥር ያደሩትን፣ ይህን ሁሉ ለማን ይንገሩ? ለኛ ቢነግሩን እንሰማለን እንጂ የኛ አይደለም።

እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጡ። ገንፎው ቀዘቀዘ። ቀረ ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ያቺ እውነቱ በአደባባይ ይነገርልኝ ብላ ዓመት ሙሉ የታገለችው ልጅ አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ዋሸቻቸው። ሺሺንዳ አድሮ ጎርፍ መንገድ ዘግቶበት ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ እመጣለሁ ብሏል አለቻቸው።

«ደህና፣ ዝናብ ምን ይደረጋል» አሉና ተነሥተው ገቡ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ስለ ዝናቡ ይጠይቃሉ። ዛሬ ጠዋት ልጠይቃቸው ብሄድ ድምፄን ሲሰሙ «የሺሃረግ፣ አባራ እንዴ?» አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው።

እህትህ የሺሃረግ